የገንፎ ቁርስ በጣና ዳር

ዛሬ ማለዳ ምን ቀመሳችሁ? ቂጣ ነው ወይስ ከማታ የተረፈ እንጀራ? ምናልባትም «ከሥራ መልስ እበላለሁ» ብላችሁ በባዶ ሆድ ወጥታችሁ ይሆናል። ቁርስ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሞፈር የሚይዝ ክንድ፣ ውኃ የሚሸከም ጀርባ፣ ፊደል የሚቆጥር ዐይን ሁሉም ጉልበት የሚያገኙት ከምግብ ነው። ስለዚህ ስለ ቁርስ መነጋገር ስለ ጉልበትና ስለ ጤና መነጋገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ ገንፎ ነው። «ገንፎን የማያውቅ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ግን ብዙ ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጠን ስለ ገንፎ የተማርነው ነገር አልነበረም። የተማርነው ከባሕር ዳር ተነሥተን በጣና ሐይቅ ዳር ስንጓዝ ነው። አስተማሪዎቻችንም ገበሬዎች ነበሩ።

መሽቶብን ያደርንበት ቤት

አምስት ነበርን። ሁላችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስንሆን፣ ለማስተማር ወደ ተመደብንበት ቀበሌ እንሄዳለን። ባሕር ዳር የደረስነው ማታ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሐይቁ ወርደን ስናይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ወደ ዳር ይመጣሉ። አንዱ እንጨት፣ ሌላው ዓሣ ጭኗል። ታንኳ በመሥራት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በአንድነት ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ሰውና ጭነት ተሸክሞ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚገኘውም ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ወደ ኋላ ስለ ሩዝ አቀቃቀል ስንናገር ትጠቅመናለች።

ሐይቁን ካየን በኋላ ዓባይን በድልድይ ተሻግረን በመኪና እስከ ሐሙሲት ሄድን። ከዚያ በእግር ወደ ሐይቁ ዳር አቀናን። መንገዱን አናውቀውምና ስንዞር ስንዞር መሸብን። በጨለማ አንድ ቤት ደጃፍ ቆመን፣ «መንገደኞች ነን፤ መሽቶብናል» አልን። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማን። ገባን። እግራችንን አጠቡን፤ እራት አበሉን፤ መኝታም አነጠፉልን። ማን እንደ ሆንን የጠየቁን ከበላን በኋላ ነው።

ሲነጋ ስንነሣ የቤቱ እናት እሳት አያይዘው፣ ድስት ጥደው ቆዩን። እሳቸውም ዐንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የከተማ ልጆች ናችሁ። ዳቦና ሻይ የለኝም። ያለኝ ገንፎ ብቻ ነውና ይቅር በሉኝ» አሉን።

እውነቱን እንናገርና፣ እኛም አልተደሰትንም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ገንፎ የአራስ ምግብ አይደለም እንዴ?» አለ። እናታችን ግን ጆሯቸው ፈጣን ነበርና ሰሙት። አልተቆጡም፤ ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ለአራስ የሚሰጣት እኮ የተናቀ ምግብ ስለ ሆነ አይደለም። ስትደክም የሚያቆማት ስለ ሆነ ነው። ደክሞ ለመጣ ሰው ያለውን ደኅና ነገር ይሰጡታል። እናንተስ ትናንት ወድቃችሁ አልነበረም የመጣችሁት?» አሉት።

ጓደኛችን መልስ አጣ። እኛም አፈርን።

ገንፎው በትልቅ ሳህን ቀረበ። መሀሉ ጎድጎድ ብሎ፣ በጎድጓዳው ውስጥ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ ተሞልቷል። እንፋሎቱ ይወጣል። ያው ጓደኛችን ቸኩሎ እጁን ወደ መሀል ሰደደ። ወዲያው «ወይኔ!» ብሎ ጣቱን ነከሰ። የገንፎ አበላል ከዳር ነው። ዳሩ ቶሎ ይበርዳል፤ መሀሉ እንደ ፍም ነው። ከዳር እየቆረሱ፣ ወደ ቅቤው ጠቀስ እያደረጉ ይበላል። «ገንፎ የቸኮለን ሰው ያስተምራል» አሉ እናታችን። ከዚያ በኋላ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያሉ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አስበሉን። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግር ስንሄድ ማናችንም ራበን አላልንም።

ገንፎ እንዴት ይገነፋል?

ከመሄዳችን በፊት አሠራሩን ጠየቅናቸው። እሳቸው የነገሩንን በተራ ጽፈነዋል። አሠራሩን የምታውቁ እናቶችና እኅቶች የጎደለ ካለ አርሙን። የማያውቁ አባቶችና ወንድሞች ግን ተማሩበት። ድስት ሴትን ብቻ የሚያውቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ገብሱ ይለቀማል፤ ይፈተጋል፤ ይታመሳል፤ ከዚያ በኋላ ይፈጫል፤ ይነፋል። ሲታመስ እርጥበቱ ይወጣል። ስለዚህ ዱቄቱ ቶሎ አይሻግትም፤ መዓዛውም ጥሩ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ጨው ትንሽ ተጨምሮበት ይፈላል። ገና ለብ ሲል ዱቄት አይጨመርም። ውኃው ሲንተከተክ ከፈላው ውኃ ጥቂት ተቀንሶ በሌላ ዕቃ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ ዱቄቱ በአንድ እጅ ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ፣ በሌላው እጅ በማማሰያ ይገነፋል። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ይጓጉላል። የጓጎለው ላዩ ይበስላል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፣ ሲጠነክር ያ የተቀመጠው ፍል ውኃ ይጨመርበትና እንደገና ይገነፋል። እሳቱም ይቀንሳል፤ ድስቱ ይከደናል። ጥሬ ጥሬ የሚል ሽታው ጠፍቶ ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር በስሏል ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ሳህን ላይ ይወጣል፤ መሀሉ ይጎደጎዳል፤ ቅቤና በርበሬ ይገባበታል። በጾም ጊዜ በቅቤው ምትክ የኑግ ዘይት ወይም ተልባ ይሆናል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ተጣድፈው ያገነፉት ገንፎም ሆድ ውስጥ ይጣላል።

በድስቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ዱቄትና ቀዝቃዛ ውኃ ብትቀላቅሉ ሊጥ ብቻ ይሆናል። ሲፈላ ግን ወደ ገንፎ ይለወጣል። ይህ ለምን ይሆናል?

በእህል ውስጥ ስታርች የሚባል ጉልበት ሰጪ ነገር አለ። ስታርች በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍሬዎች ስብስብ ነው። ውኃና ሙቀት ሲያገኙ እነዚህ ፍሬዎች ውኃውን እየጠጡ ያብጣሉ። አብጠው አብጠው ይፈነዳሉ። ያን ጊዜ ውኃው ይወፍራል፤ እህሉም ይለሰልሳል። ያልበሰለ ዱቄት ለሆድ ይከብዳል። የበሰለውን ግን ሆድ በቀላሉ ይፈጨዋል። በሌላ አነጋገር፣ ድስቱ ለሆዳችን ሥራውን አጋምሶ ይሰጠዋል ማለት ነው።

ገብስ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከሆድ ቀስ ብሎ የሚወጣ እህል ስለ ሆነ ቶሎ አያስርብም። ቅቤውም ጉልበት ይጨምርለታል። እኛን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆመን ይኸው ነው።

እህል፣ ውኃና እሳት ሲገናኙ የሚወጣው ገንፎ ብቻ አይደለም። ዱቄቱን አሳንሰን ውኃውን ስናበዛ አጥሚት ወይም ሙቅ እናገኛለን። እህሉን ሳናልም ከክተን ስንቀቅለው ቅንጬ ይሆናል። እሳት በሌለበት መንገድ ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት በውኃ እንበጠብጣለን፤ እሱ በሶ ነው። የቲቤት ሰዎችም በከፍተኛው ተራራቸው ላይ የተቆላ የገብስ ዱቄት ይበላሉ፤ ጻምፓ ይሉታል። በስኮትላንድ የአጃ ገንፎ፣ በኬንያ ኡጂ የሚባል ሙቅ ለቁርስ ይቀርባል። እንግዲህ ገንፎ የአንድ መንደር ምግብ አይደለም። እህል የሚዘራ ሕዝብ ሁሉ በየራሱ መንገድ ደርሶበታል።

ወረታ ላይ ያገኘን ነገር

ከዚያ ቤት ተሰናብተን ወደ ወረታ ጉዞ ጀመርን። ቀኑ ሞቃት ነበር። ያ ጣቱን የተቃጠለው ጓደኛችን ኮዳው ባዶ ሆነበት። ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ «ጥሩ ነው፤ ጠራ ያለ ነው» እያለ በእፍኙ ጠጣ። እኛም አልከለከልነውም። ጥፋቱ የሁላችንም ነው።

በማግሥቱ ወረታ ስንደርስ ሆዱ ይጮህ ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ዐይኑ ጎደጎደ፤ ከንፈሩ ደረቀ፤ መቆም አቃተው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥነው። ተቅማጥ ሰውን የሚጎዳው በተለይ ከሰውነት ውስጥ ውኃና ጨው አሟጦ በማውጣት ነው። የወጣው ካልተተካ ሰው ይሞታል፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ እጅግ ይፈጥናል።

ያሳደሩን እናት አይተውት ዝም አላሉም። አንድ እፍኝ ሩዝ አጥበው በብዙ ውኃ ቀቀሉ። ሩዙ እስኪፈነዳና ውኃው ነጭ እስኪሆን አቆዩት። ጥቂት ጨው ጣል አደረጉበትና ለብ ሲል በማንኪያ፣ በማንኪያ ያጠጡት ጀመር። ሲያስመልሰው ትንሽ አቁመው እንደገና ይሰጡታል። ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እዚያም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን በፓኬት ያለ ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ሰጡት። የጤና ባለሙያዋ ስለ ሩዙ ስንነግራት፣ «ደግ አድርገዋል፤ ያ ባይሆን ኖሮ ይበልጥ ይጎዳ ነበር» አለችን።

ይህን አስተውሉ። የሩዝ ወይም የሌላ እህል ቀጭን ሙቅ ጨው ጥቂት ተጨምሮበት ለተቅማጥ በሽተኛ ይረዳል። ጨው ግን አይብዛ፤ ለአንድ ሊትር ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ ደግሞ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ማንኪያው ልክ ልኩን ይሁን፤ አይቆለል። ሕፃን ከሆነ ጡቱ አይቋረጥበት። ደም ካለው፣ ዐይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ቤት ውስጥ ማቆየት አይገባም፤ ወደ ጤና ድርጅት ይሂድ።

ካንቶን የሚባለው አገር ቁርስ

ጓደኛችን ሲሻለው ሌላው ጓደኛችን ሳቀና፣ «ይህ የሩዝ ሙቅ እኮ የአጎቴ ቁርስ ነው» አለ። አጎቱ ነጋዴ ነው። ሸቀጥ ለማምጣት ጓንዡ ወደምትባል የቻይና ከተማ ይመላለሳል። ጓንዡን የውጭ አገር ሰዎች ቀድሞ ካንቶን ይሏት ነበር። በደቡብ ቻይና ያለች፣ ትልቅ ወንዝ የሚያልፍባት ከተማ ናት። አገሩ ሞቃትና ውኃ የበዛበት ስለ ሆነ ሩዝ ይበቅልበታል። ስለዚህ ገንፏቸው የሩዝ ነው። በራሳቸው ቋንቋ ጁክ ይሉታል።

አጎቱ መጀመሪያ ሲሄድ ምግቡ ሁሉ ግራ ገባው። በማለዳ ከማደሪያው ሲወጣ ሠራተኛው፣ ሽማግሌው፣ ተማሪው በአንድ ቤት ተሰብስቦ ከጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ነገር ሲበላ አየ። ገብቶ ተቀመጠና እሱም በጣቱ አሳይቶ አዘዘ። ሲቀምሰው፣ «ይህማ እናቴ ስታመም የምትሰጠኝ አጥሚት ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ጓንዡ በሄደ ቁጥር ቁርሱ ጁክ ሆነ። ሩቅ አገር ሲሄዱ ሆድ የሚያውቀውን ነገር ማግኘት ትልቅ ዕረፍት ነው።

ጁክ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ እጅ ሩዝ በአሥር እጅ ወይም ከዚያ በበለጠ ውኃ ይቀቀላል። በለዘብታ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓትም ይቆያል። የሩዙ ፍሬ ፈንድቶ ከውኃው ጋር ይዋሐዳል። ብቻውን ሲሆን ጣዕሙ ለዘብ ያለ ነው። ስለዚህ ማጣፈጫ አብሮት ይቀርባል፤ በቀጭኑ የተቆረጠ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ ዝንጅብል፣ ቅጠላማ ሽንኩርት፣ ኦቾሎኒ፣ በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ። ሕፃኑም ይበላዋል፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌም ይበላዋል፤ በሽተኛም ይበላዋል። ጤነኛ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ወንበር ይዞ ይበላዋል። «የበሽተኛ ምግብ ነው» ብሎ የሚያፍር የለም።

እኛን ይበልጥ የገረመን ሌላ ነገር ነው። ከጁክ ዓይነቶች አንዱ ስሙ ሲተረጎም «የታንኳ ገንፎ» ማለት ነው። ቀድሞ በጓንዡ አንድ የወንዝ ሰርጥ ላይ በትንንሽ ጀልባ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከውኃው ያገኙትን ዓሣ በሩዝ ሙቅ ውስጥ እየጨመሩ፣ ከጀልባቸው ሳይወርዱ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ምግቡ ከጀልባ ወጥቶ ዛሬ በከተማው ምግብ ቤቶች ሁሉ ይሸጣል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። የድሃ ጀልባ ቀዛፊ ምግብ ነው ተብሎ አልተጣለም። ይህን ስንሰማ በባሕር ዳር ያየናቸው ዓሣ የጫኑ ታንኳዎች ትዝ አሉን።

ፎገራ ሩዝ አላት፤ ጣና ዓሣ አለው

«ቻይና ሩቅ ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ወረታ ላይ ግን ቻይና ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚሄደውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ሩዙም ቢሆን በደጃችን ነው።

የፎገራ ሜዳ በጣና ምሥራቅ ዳር ይገኛል። ቀድሞ የሚታወቀው በፎገራ ላሞች ነበር። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጤፍ ውኃ ሲተኛበት ይጎዳል። ሩዝ ግን ውኃ ይወዳል። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ከገበሬዎች ጋር የሩዝ ዘር ሞከሩ። ከእነዚያ ዘሮች ብዙ የተስፋፋው ኤክስ-ጅግና የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። ዛሬ ፎገራ በሩዝ ታውቃለች፤ ወረታም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ውኃ የተኛበት መሬት ለሩዝ ሲሆን ሀብት ሆነ ማለት ነው።

የፎገራ ገበሬ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል። ለቁርስም ይሆናል። እኛ ወረታ ሳለን ከቤቱ እናት ጋር የታንኳ ገንፎ ሞክረናል። አንድ ስኒ ሩዝ፣ አሥር ስኒ ውኃ፣ ጥቂት ጨው፣ የተከተፈ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ እሾሁ በደንብ የወጣለት ቆሮሶ ዓሣ ነው የጨመርነው። ዓሣው የገባው ሩዙ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ እስኪፈራርስ በደንብ አበሰልነው።

አንድ ስሕተት ግን ሠራን። «በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል» ብለን ነበር፤ አልደረሰም። ለምን? ያቺን ቁጥር አስታውሱ፤ 1,800 ሜትር። ጓንዡ ከባሕር አጠገብ ናት። እዚያ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በጣና ከፍታ ግን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበዙት ሙቀቱ አይጨምርም፤ በእንፋሎት ይወጣል እንጂ። ስለዚህ ደጋ ላይ ሩዝም ባቄላም ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እኛም እንጨቱን በከንቱ አቃጠልነው። የሚያዋጣው እሳቱን ቀንሶ፣ ድስቱን ከድኖ፣ ጊዜ መስጠት ነው። ሩዙን ሌሊት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይም ቀድሞ መከካትም እንጨት ይቆጥባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የበሰለ ሩዝና ገንፎ በሞቀ ቤት ውስጥ ሲውል ዐይን የማያያቸው ተሕዋስያን ይራቡበታል። ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ መብላት ነው። የዋለውን ለልጅ መስጠት አይገባም።

የመጨረሻው ሳህን ለማን ይድረስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ቤት እንመለስ። ከላይ ያልነገርናችሁ አንድ ነገር አለ። እኛ ያን የመሰለ ገንፎ በቅቤ ስንበላ፣ ጓዳ በር ላይ የእናታችን ልጅ አሥር ወር የሆነው ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። እኛ በልተን ስንጨርስ ለሕፃኑ በጣሳ ቀጭን አጥሚት ሰጠችው። አጥሚቱ ውኃ ነው ማለት ይቻላል። እሷም፣ «ይህ ልጅ አልከብድ አለኝ፤ ምን ሆኖ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። የተማርን መስለናታል። እኛ ግን መልስ አልነበረንም።

ወረታ ላይ ጓደኛችንን ያከመችውን ባለሙያ ይህንኑ ጠየቅናት። የነገረችን አጭር ነው። ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ከጡቱ ሌላ ምግብ ይፈልጋል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። በቀጭን አጥሚት ከሞላ በውኃ ሞላ ማለት ነው፤ ጠገበ እንጂ አልተመገበም። ስለዚህ ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም፣ ከማንኪያ እንደ ውኃ የማይፈስ ይሁን። ሦስት እጅ እህል ሲሆን አንድ እጅ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ታምሶ ተፈጭቶ ይቀላቀልበት፤ እህል የሚጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላዋልና። ቅቤ ወይም ዘይት በትንሹ ይጨመር። እንቁላል ወይም እሾህ የሌለው ዓሣ ሲገኝ ከዚያው ይደባለቅ። በርበሬ አይግባበት። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የማይጎዳ ተሕዋስ ሕፃኑን ሊጎዳው ይችላልና። በቀንም ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ ማብላት ያስፈልጋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ስንመለስ እዚያው ቤት ገባን። የሰማነውን ነገርናቸው። እናታችን ዝም ብለው ሰሙና፣ «እንግዲያው እኔ ገንፎውን ለእንግዳ አድርጌ ልጁን በውኃ አኑሬዋለሁ» አሉ። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። እኛም አጥሚቱን አይተን፣ ዐይተን እንዳላየን ሆነን በልተናል። በማግሥቱ ማለዳ ገንፎ ሲወጣ ትንሽ ሳህን አስቀድሞ ለብቻ ወጣ፤ በርበሬ የለበትም። ሕፃኑ መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀመሰ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ አፉን ራሱ ከፈተ። እኛ ቆይተን በላን። የኛው ሰው በዚህ ጊዜ ከዳር ነው የጀመረው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ጉዞ የተማርነው ይህ ነው። ገንፎ የሚታፈርበት ምግብ አይደለም። ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ተሰልፈው የሚገዙት ቁርስ ከእኛ ገንፎ ጋር ወንድማማች ነው። ነገር ግን ገንፎ ጥቅም የሚሰጠው ውኃው ንጹሕ ሲሆን፣ እህሉ በደንብ ሲበስልና ለሚያስፈልገው ሰው ሲደርስ ነው። እንግዳ ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ አንተወውም። ነገ ማለዳ ገንፎ ስታገነፉ ግን የመጀመሪያውን ትንሽ ሳህን ለሕፃኑ አውጡለት። እንግዳው ትንሽ ይጠብቃል። እኛም ጠብቀናል፤ አልተጎዳንም።

ጥያቄዎች

1. ዱቄት በአንድ ጊዜ ፍል ውኃ ውስጥ ቢጨመር ምን ይሆናል? ለምን?
2. ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ጠራ ስላለ ብቻ መጠጣት ይቻላል? በጓደኛችን ላይ የደረሰውን አስታውሳችሁ መልሱ።
3. ለተቅማጥ በሽተኛ በቤት የሚዘጋጀውን የስኳርና የጨው ውኃ መጠን በቃላችሁ ተናገሩ፤ ከዚያም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።
4. በጣና ዳር ሩዝ ለመብሰል ከጓንዡ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልገው ለምንድን ነው?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ከስድስት ወር በላይ የሆነው ሕፃን አለ? ምን ይበላል? ገንፎው ማንኪያ ላይ ይቆማል ወይስ ይፈሳል?
6. በመንደራችሁ ሰዎች የሚያፍሩበት ነገር ግን የሚጠቅም ምግብ አለ? ተወያዩበት።